አይጧ ለምን አልታመመችም? የሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሳንባ ኢንፌክሽንና የቤተ ሙከራ እንስሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከሁለት ቦታ የመጡ ናቸው። ግማሾቹ ሐረር ማይክሮባዮሎጂ የማስተምራቸው ልጆች የሚያነሷቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር ሻይ ስንጠጣ ወዳጆቼ የሚወረውሩብኝ ናቸው። የኋለኞቹ ይከብዳሉ። ተማሪ ለፈተና የሚሆነውን ይጠይቃል፤ የሻይ ወዳጅ ግን «አቦ፣ አይጧ ካልታመመች ታዲያ ምን አጠናችሁባት?» ብሎ ነገሩን መሃሉ ላይ ይወጋዋል። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቧቸው።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን ሲወረስ የሚመጣ ነው። አንዱን ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ ይሆናል እንጂ አይታመምም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በ1989 የተገኘው ይህ ጂን ሲኤፍቲአር ይባላል፤ ሥራው በሴል ሽፋን ላይ ክሎራይድና ባይካርቦኔት የሚያልፉበትን በር መሥራት ነው። በሩ ካልሠራ የአየር ቧንቧዎችን የሚያለብሰው ቀጭን ፈሳሽ ይደርቃል፣ አክታው እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ቆሻሻን ጠርገው ወደ ላይ የሚያወጡት ጥቃቅን ፀጉሮችም ይያዛሉ። ቆሽትም አንጀትም ይጎዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ግን ሳንባው ነው።

የፈረንጅ በሽታ አይደለም ወይ? ድሬ ያለ ሰው ምን አገባው?

አውሮፓውያን ዘንድ በብዛት ይታያል፤ በእነሱ ብቻ የተወሰነ ግን አይደለም። ከአፍሪካ ዘር በሆኑ ሕሙማን ላይ ደጋግሞ የሚገኝ፣ 3120+1 በሚል ቁጥር የሚታወቅ የራሱ የጂን ጉድለት አለ። እኛ ዘንድ አራስ ሁሉ ለዚህ በሽታ የሚመረመርበት አሠራር የለም። ሰው ሲያስለው መጀመሪያ ቲቢ ይታሰባል፣ መታሰቡም ልክ ነው። የማይታሰበው ግን አይገኝም።

ደግሞ ለድሬ ሰው የሚቀርብ አንድ ታሪክ አለ። በ1948 ኒው ዮርክን ኃይለኛ ሙቀት ሲመታት፣ ከሙቀቱ የተነሳ ተዝለፍልፈው ሆስፒታል ከገቡት ሕፃናት መካከል ይህ በሽታ ያለባቸው በዙ። ፖል ዲ ሳንታኜዜ የተባለ ሐኪም ነገሩን ተከታትሎ በ1953 የልጆቹ ላብ ከሌላው ሰው ላብ በብዙ እጥፍ ጨዋማ መሆኑን አሳየ። ዛሬም ዋናው ምርመራ ይኸው የላብ ምርመራ ነው፤ ክሎራይዱ በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው መኖሩን ይጠቁማል። እዚህ ከተማ በግንቦት የሁላችንም ግንባር ጨው ጨው ስለሚል ልጃችሁን ስማችሁ አትደንግጡ። ጨው ጨው የሚለው ሕፃን ክብደት አልጨምር ካለ፣ ሰገራው ቅባት ከበዛበት፣ ሳሉም አልለቅ ካለው ግን ለሐኪም ሲነግሩ ጨዉንም አብሮ መንገር ነው።

ሳንባውን የሚወሩት የትኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው?

በልጅነት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ ይቀድማሉ። ዕድሜ ሲጨምር ስሙ የሚገነነው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ነው። ከእነዚህ ሌላ ጥቂቶችን የሚይዙ ነገር ግን የሚያስፈሩ አሉ፤ የቡርክሆልዴሪያ ሴፓሺያ ቤተሰብና ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ።

ሱዶሞናስን ተማሪዎቼ ከቁስል ናሙና ያውቁታል። ባክቴሪያ የምናሳድግበት ሳህን ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ ክዳኑን ሲያነሱት ወይን ወይን ይሸታል። ሳንባ ውስጥ ግን ጠባዩን ይለውጣል። ከሰፈር ሰፈር ሲዞር የኖረው ጎረምሳ ቤት ሠርቶ እንደሚቀመጥ፣ መዋኛ ጅራቱን ይጥላል፣ አልጂኔት የተባለ ዝልግልግ ካባ ይደርባል፣ ከመሰሎቹ ጋር ተጠጋግቶ አክታው ውስጥ መንደር ይመሠርታል። እዚያ ከገባ በኋላ ሳህን ላይ በቀላሉ የሚገድለው አንቲባዮቲክ አይበግረውም።

ሰው እያለ እንስሳ ለምን?

በሽታው የጀመረባትን ሰዓት ሰው ላይ ማየት ስለማይቻል ነው። ሕፃኑ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሳንባው ወይ ቆስሏል ወይ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ የቱ እንደቀደመ አይታወቅም። ሕፃን ሳንባ ውስጥ ባክቴሪያ ጨምሮ መጠበቅ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም።

ጂኗ የተበላሸ አይጥ ተሠርታለች ይባላል። ሳንባዋ ለምን አልታመመም?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

የመጀመሪያዋ ሲኤፍቲአር የሌላት አይጥ በ1992 ተሠራች። ጂኑ ከተገኘ ገና ሦስት ዓመቱ ነበርና ብዙ ሰው በሽታው አሁን በእጃችን ገባ አለ። አይጦቹ ሞቱ፤ የገደላቸው ግን አንጀታቸው ነበር። ዝልግልጉ አንጀታቸውን ይደፍነዋል። ዛሬም እነዚህን አይጦች በሕይወት ለማቆየት ፈሳሽ ምግብ ይሰጣቸዋል፣ ወይም የሚጠጡት ውሃ ላይ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጨመራል። ሳንባቸውስ? ምንም። ሱዶሞናስ በራሱ ጊዜ መጥቶ አልሰፈረባቸውም።

ለዓመታት ይህ እንደ ክስረት ተቆጠረ። እኔ ግን የዘርፉ ትልቁ ስጦታ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም «አንድ ዓይነት ጉድለት አንዱን ሳንባ አጥፍቶ ሌላውን ለምን ተወ?» የሚለውን ጥያቄ ያስነሳችው ይህች እንቢተኛ አይጥ ናት።

መልሱ በየተራ መጣ። የአይጥ የአየር ቧንቧ ክሎራይድ የሚያሳልፍ ሌላ በር አለው፤ በካልሲየም የሚከፈት ነው። ዋናው በር ቢዘጋ በጓሮ በር ትወጣለች። ንፍጥ የሚያመነጩት ከሽፋኑ ሥር ያሉ ዕጢዎች እኛ ዘንድ በትልልቆቹ ቧንቧዎች ሁሉ ተሠራጭተዋል፤ እሷ ግን ከጉሮሮዋ ዝቅ ብሎ በዋናው ቧንቧ አናት ላይ ካሉት ጥቂቶች በቀር የላትም። ከዚያ በ2016 ሌላ ተጨመረ። የሰውና የአሳማ የአየር ቧንቧ ኤቲፒ 12ኤ የሚባል አሲድ የሚረጭ ፓምፕ አለው፤ አይጥ ዘንድ ከምንም አይቆጠርም። ጤነኛ ሰው አሲዱን ሲኤፍቲአር በሚያሳልፈው ባይካርቦኔት ያበርደዋል። ሕመምተኛው የሚያበርድበት የለውም፤ ፈሳሹ አሲዳማ ይሆናል፣ በውስጡ ያሉት የተፈጥሮ ባክቴሪያ ገዳዮች ይደክማሉ። አይጧ ከመጀመሪያውም አሲዱን ስለማትረጭ የምታበርደው የላትም። ተመራማሪዎቹ ያንን ፓምፕ አይጧ ላይ ሲጨምሩባት የቧንቧዋ ፈሳሽ አሲዳማ ሆነ፣ ባክቴሪያውም በረከተ።

ባትታመምም ምን እንደጎደላት በመንገር አስተማረችን ማለት ነው። የሻይ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ስለዚህ አይጧ ትክክል ነበረች፣ እናንተ ናችሁ ጥያቄውን የሳታችሁት» አለኝ። ድሬ ሰው አያባብልም።

ካልታመመች ኢንፌክሽኑን እንዴት ያስይዟታል?

ባክቴሪያውን እንዲሁ በፈሳሽ ቢሰጧት ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ በአንድ በሁለት ቀን ጠርጋ ታስወጣዋለች፣ ወይ መጠኑ በዝቶ ደሟ ውስጥ ይገባና ትሞታለች። የምንፈልገው ግን ሳይገድል የሚቆይ፣ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ነው። መላው በ1979 በአይጠ መጎጥ ላይ ተገኘ፤ የአጋር ዶቃ ነው።

አጋር ያው ሳህን ላይ ባክቴሪያ የምናሳድግበት፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ነገር ነው። ቀልጦ ለብ እንዳለ ከባክቴሪያው ጋር ይደባለቃል፣ እየተማሰለ ባለ ሞቅ ያለ የማዕድን ዘይት ላይ ይፈስሳል፣ ከዚያ በበረዶ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ትኩስ ዘይት ላይ ሊጥ ሲንጠባጠብ አስቡት፤ ልዩነቱ እዚህ የሚያረጋው ቅዝቃዜው ነው። የሚወጣው ዶቃ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ ይሆናል፣ ሆዱ ውስጥ ባክቴሪያ ይዟል። ዘይቱ ታጥቦ ይወገዳል፣ ባክቴሪያው ይቆጠራል፣ አንድ ሚሊዮን አካባቢ የሚሆነው በማደንዘዣ በተኛችው አይጥ የአየር ቧንቧ ይገባል። ዶቃው ትንንሾቹ ቧንቧዎች ላይ ይወተፋል፤ አይጧ ልትጠርገው አትችልም፣ ባክቴሪያውም በአንድ ጊዜ አይፈነዳም። ከዚያ ክብደቷ በየቀኑ ይለካል። በተወሰነው ቀን ሳንባዋ ወጥቶ ይፈጫል፣ ስንት ባክቴሪያ እንደቀረ ሳህን ላይ ይቆጠራል፣ ስንት ነጭ የደም ሴል እንደጎረፈም ይታያል።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ዘይቱ ቶሎ ከቀዘቀዘ ዶቃው ይጓጎላል፣ ከዘገየ ባክቴሪያው ሙቀት ይመታዋል። መብራት መሃል ላይ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለእኛ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ዶቃው ማጭበርበር አይደለም ወይ?

በከፊል ነው። ሰው ላይ ባክቴሪያውን የሚይዘው የራሱ አክታ ነው፤ እዚህ ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር ነው። ባክቴሪያ የሌለበት ዶቃ እንኳ ጥቂት ብግነት ስለሚያስነሳ ባዶ ዶቃ የተሰጣቸው አይጦች ለንጽጽር የግድ ያስፈልጋሉ። ጊዜውም አይመጣጠንም፤ እዚህ የቀናትና የሳምንታት ጉዳይ ነው፣ ሰው ላይ ሱዶሞናስ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፣ በነዚያም ዓመታት ጂኑ ይለዋወጣል።

ሌላ መንገድ የሄዱ አሉ። በ2004 ሲኤፍቲአርን ሳይነኩ ሶዲየም የሚመጥጠውን በር ያበዙባት አይጥ ተሠራች። ሶዲየሙን ውሃ ይከተለዋል፣ የቧንቧው ፈሳሽ ይደርቃል፣ ንፍጡ ይወተፋል፤ ባክቴሪያ ማጽዳትም ያቅታታል። ጂኑ የሰው ሕመም ጂን አይደለም፣ ድርቀቱ ግን ይመስላል። ስለ ድርቀት ለሚጠይቅ ጥሩ ናት። ስለ አሲድ ለሚጠይቅ አትሆንም።

አሳማ ለምን ተመረጠ?

ይህን ሳነሳ ክፍሉ ይስቃል። ሐረር ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ አይበላም፤ ብዙዎቹ ልጆች በቅርብ ያዩት ከርከሮን ነው። ግን የአሳማ ሳንባ በመጠኑም፣ በቅርንጫፉም፣ በዕጢዎቹም ለሰው ይቀርባል። ሲኤፍቲአር የሌለው አሳማ በ2008 አሜሪካ ውስጥ ተወለደ፤ ከአሠሪዎቹ አንዱ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ዌልሽ ነው። ግልገሎቹ ሁሉም አንጀታቸው ተደፍኖ ተወለዱ፤ ሰው ላይ ይህ ከመቶ 15 በሚሆኑት አራሶች ላይ ነው የሚታየው። ያለ ቀዶ ጥገና አይተርፉም። የተረፉት ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ሳንባቸው ማንም ሳይነካቸው እንደ ሰው ታመመ።

በ2012 የታተመውን ሙከራ ሳስተምር ሁልጊዜ ጊዜ እወስድበታለሁ። ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያዎችን በጥቃቅን የወርቅ ወንፊት ላይ አጣበቁ። ወንፊቱን አዲስ የተወለደው ግልገል የአየር ቧንቧ ላይ ለአፍታ አሳርፈው አነሱትና የሞቱትን ከሕያዋኑ ለይተው ቆጠሩ። ጤነኛው ግልገል ብዙውን ገድሏል፤ የታመመው ያነሰ። ፈሳሹ አሲዳማ መሆኑን ለክተው፣ አሲዱን ሲያበርዱት የመግደል ኃይሉ ተመለሰ። የነዚህ ግልገሎች ሳንባ በዚያ ዕድሜ ገና አልቆጣም፣ አልቆሰለምም። ስለዚህ ቢያንስ በአሳማ፣ ባክቴሪያን ማሸነፍ አለመቻል ከቁስለቱ ይቀድማል።

አሳማ ግን ሰፊ ቤት፣ የቀዶ ጥገና ቡድን፣ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። በአንድ አሳማ ወጪ ስንት አይጥ እንደሚረባ ለሒሳብ ሠራተኛ ባልነግረው እመርጣለሁ።

ፌሬት የምትባለዋስ?

ቀጭን ረጅም ሥጋ በል ናት፤ ለእኛ ሰው ሽለምጥማጥን ታስታውሳለች። ሲኤፍቲአር የሌላት ፌሬት በ2010 ይፋ ሆነች። ሳንባዋ በራሱ ይታመማል፣ ቆሽቷም ይጎዳል። በ2018 ግን የአሳማውን ድምዳሜ የሚያናጋ ውጤት መጣ። በአንቲባዮቲክ ተጠብቀው ያደጉ ፌሬቶች ዋነኞቹ ባክቴሪያዎች ሳይሰፍሩባቸውም ሳንባቸው ተቆጣ፣ ንፍጣቸውም ወተፈ። እንግዲህ የትኛው ቀደመ? አሳማው አንድ ነገር ይላል፣ ፌሬቷ ሌላ። ተማሪ አንዱን መልስ ስጠን ይላል። እኔ ሁለቱንም እሰጣለሁ።

የሐረር ጅብስ? የበሰበሰ በልቶ አይታመም!

ሳቅ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። የጅብ ጥንካሬ የሆዱ ነው፣ ሳንባው ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞም ጂን የተነካ እንስሳ ለመሥራት ማርባት ያስፈልጋል። ጅብ ለ110 ቀናት ያህል አርግዛ አንድ ወይም ሁለት ትወልዳለች። አሳማ ከእሷ ብዙም ሳይርቅ 114 ቀናት አርግዛ አሥር ያህል ትወልዳለች። ፌሬት 42 ቀን፣ አይጥ 20 ቀን ገደማ ይበቃቸዋል። ጅቡን ለጅብ አብዪዎቹ እንተወው። በግ ከፈለጋችሁ ግን በ2018 ተሠርቷል።

እንስሳ ማርቢያ የሌለው ቤተ ሙከራ ምን ይሥራ?

ንብ አናቢ የሆነ ሁሉ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ሰሙን የሚበላውን ወፍራም ነጭ ትል ያውቃል፤ ይረግመዋልም። ያ ትል በዓለም ዙሪያ ለባክቴሪያ ጥናት ያገለግላል። እንደ ሰውነታችን በ37 ዲግሪ ይኖራል፤ ድሬ በግንቦት ክፍሉ ራሱ ኢንኩቤተር ነው። በቀጭን መርፌ በእግሩ በኩል ይወጋል፣ ሲታመም ይጠቁራል፣ በአንድ በሁለት ቀን ውጤት ይታያል። ሳንባ የለውም፣ ሲኤፍቲአርም አይጠየቅበትም። «ይህ ባክቴሪያ ከዚያኛው ይከፋል ወይ?» ለሚል ጥያቄ ግን ይበቃል፤ አይጥ ላይ ከመድረስ በፊት የማይረባውን ያጣራል።

እንስሳ ላይ የታየው ሰው ላይ ይሠራል?

አንዳንዴ። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ቢአይአይኤል 284 የተባለው መድኃኒት ታሪክ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ሳንባ ውስጥ እየጎረፉ ሥጋውን እንደሚጎዱ ይታወቅ ስለነበር፣ ጥሪያቸውን የሚያፍን መድኃኒት ለሕሙማን ተሞከረ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ የሳንባው ሕመም እየባሰ ስለመጣ ሙከራው ሳያልቅ ቆመ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በሱዶሞናስ ዶቃ ለተያዙ አይጦች ተሰጠ። የነጭ ሴሎቹ ቁጥር ቀነሰ፣ ባክቴሪያው ግን በዛና ደም ውስጥ ገባ፤ ውጤቱ በ2014 ታተመ። ያቺ የተናቀች፣ ዶቃ የተወተፈባት አይጥ መልሱን ይዛ ነበር። ጠያቂ አጥታ ነው።

እንስሳቱ አይሰቃዩም?

ይሰቃያሉ፣ ሌላ ማለት ውሸት ነው። ሳንባ ምች ያመማል። ለዚህ ነው ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1959 ያወጡት ሥርዓት ዛሬም የሚሠራበት፦ እንስሳ ሳይኖር መሥራት ከተቻለ ይተካ፣ ካልተቻለ ቁጥሩ ይቀነስ፣ ሥቃዩም ይለዝብ። በብዙ ቤተ ሙከራዎች አይጧ ከክብደቷ 20 በመቶ ከቀነሰች ሙከራው አልቋል፤ ያለ ሥቃይ ትገደላለች፣ እስክትሞት አትጠበቅም። ባዶ ዶቃ የሚሰጣቸውን ረስቶ ሙከራውን ሁለት ጊዜ የሚሠራ ሰው ቸልተኛ ብቻ አይደለም፣ ጨካኝም ነው።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ከመጡ ይህ ሁሉ ለምን?

ከ2012 ጀምሮ የተበላሸውን በር ራሱን የሚጠግኑ መድኃኒቶች አሉ፤ በ2019 የጸደቀው የሦስት መድኃኒቶች ቅልቅል የብዙዎችን ሕይወት ለውጧል። ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አይደለም። ያገኙትም ቢሆኑ ሳንባቸው አስቀድሞ ከቆሰለ ሱዶሞናሱ ብዙ ጊዜ አብሯቸው ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ፤ በሩ ከተከፈተ በኋላም የማይወጣውን ተከራይ ምን ያስወጣዋል? በ2019 እናቲቱ እርጉዝ ሳለች ጀምሮ መድኃኒት የተሰጣቸው ፌሬቶች ከአንጀት መደፈንና ከቆሽት ጉዳት ተጠብቀው ተወልደዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥባቸው በሽታው ተነሣ። እየሰጡ እየነሱ በሽታውን ማስጀመር የሚቻልበት እንስሳ እንደዚህ ላለው ጥያቄ ይመቻል።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ከሆስፒታል የቁስል ናሙና ያገኘሁትን ሱዶሞናስ ብጠቀም መምህራን ይጥሉብኛል?

ከሳንባ የመጣ ነው ካልክ አዎ፣ መጣልም አለባቸው። ለዓመታት አክታ ውስጥ የኖረው ሱዶሞናስና ትናንት ቁስል ላይ ያረፈው ጠባያቸው ይለያያል። ከየት እንዳገኘኸው ጻፍ፣ አታፍርበት። በዓለም ላይ ብዙ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ጥናት የተሠራበት ፒኤኦ1 የተባለው ዝርያ ራሱ በ1954 ሜልቦርን ውስጥ ከአንድ ሰው ቁስል የተወሰደ ነው።